የደባል ጎታ

መልእክቱ የመጣው ማክሰኞ ማታ ነው፣
ከማላውቀው አገር፣ ከማላውቀው ሰው፦
«ክብርት ኔሊዳ ኤቼቬሪ፣
የውሂብ ጎታዎ ሊሞላ ነው።
ከአምስት መቶ ሜጋባይት
አራት መቶ ዘጠና አንዱ ተይዟል፤
በሰባት ቀን ካልተቃለለ
ማንበብ ይቀጥላል፣ መጻፍ ይቆማል።»

መጻፍ ይቆማል! ወንዙ ግን አይቆምም፤
ኡሩጓይ ሳልቶን ሲያልፍ ደብዳቤ አይጠብቅም።
ሐምሌ ነው። ዝናቡም የኛ አይደለም፣ የሰው ነው፤
ብራዚል ላይ ዘንቦ እኛ ደጅ ነው የሚሞላው።

በቀን ሦስት ጊዜ ኦስቫልዶ የወደቡን ደረጃ ወርዶ
የውሃውን ቁመት ያነባል፣ ከብርዱ ጋር ተላምዶ፤
ይደውላል፣ እጽፋለሁ።
ከእሱ በፊት አባቱ፣ ከአባቱ በፊት የጉምሩኩ ዘበኛ
በደብተር የያዙትን ሁሉ
ጣቴ እስኪደነዝዝ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።
የታች ሰፈር ሰዎች ያቺን ቁጥር አይተው ነው
ፍራሻቸውን ጠረጴዛ ላይ የሚሰቅሉት።

ጎታው ደግሞ የብቻዬ አይደለም፣ በደባልነት የገባሁበት፤
አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ያለበት፣
ባንድ ማሽን ሆድ ውስጥ ተዛዝለን የምንኖርበት።
ፊታቸውን አይቼ አላውቅም።
አንዱ ሲያስነጥሰው ግን የእኔ ገጽ ይንቀረፈፋል።
ሰፋ ያለ ክፍል ልከራይ ብል ዋጋው ሦስት እጥፍ፤
የማኅበራችን ካዝና ደግሞ
ባለፈው እሑድ ቶርታ ፍሪታ ሸጠን ያገኘናት ናት።

መነጽሬን አጠለቅሁ። የማቴዬን ቅል ሞላሁ።
አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ በቁጥር አልሸነፍም አልሁ።
ሰንጠረዦቹን በክብደታቸው አሰለፍኳቸው፤
ወንዙ፣ ስድሳ ሁለት ዓመቱን ሁሉ ይዞ፣
አሥራ አንድ ሜጋባይት ብቻ፣ ጥግ ላይ ተክዞ።

ታዲያ ጎታውን የሞላው ማነው?
እህሉ አይደለም፣ ገለባው ነው፦
የመጣ የሄደው ሁሉ ኮቴ፣
ሌሊት ሌሊት የሚልሱን ሮቦቶች አሻራ፣
ጊዜው ያለፈበት የይለፍ ወረቀት፣
ከአራት ዓመት በፊት ያባረርኩት ፕለጊን ጥሎት የሄደ ጓዝ፣
የአንዲት ገጽ ሠላሳ ዘጠኝ ቅጂ፣
እያንዳንዱ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ የሚለይ።
(ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። አስተማሪ ማረም አይተውም።)

መጀመሪያ ገለበጥኩ።
ሳይገለብጡ የሚሰርዙ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።
ፍላሹን ከመርፌና ክር ጋር ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ።
ከዚያ ሰረዝኩ። ሁለት ሚሊዮን ኮቴ ጠረግሁ።
መጠኑን አየሁ፦ አራት መቶ ዘጠና አንድ።
ንቅንቅ አላለም።

ለካ የተሰረዘ ነገር ቦታውን ይዞ ይቆያል፤
ባዶው ራሱ ይቆጠራል።
እኔስ ይህን እንዴት ሳትኩት?
ኤክቶር ከሞተ ስድስት ዓመቱ፣
ዛሬም አልጋው ላይ በስተግራ ጠርዝ ነው የምተኛው።

ቁና ሲሰፍሩ ነቅነቅ እንደሚያደርጉት
ሰንጠረዥን ነቅንቃ የምታጠጋጋ ትእዛዝ አለች።
እሷን ከመምታቴ በፊት
የፍለጋው መዝገብ ቀርቶ ነበር፤ ከፈትኩት።
አንድ ሰው፣ በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
አንዲት ቀን ይጠይቃል። ያቺኑ ቀን፣ ያንኑ ዓመት።
መልሱም ያው ነው፦ ዘጠኝ ሜትር ከሰባ።
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ሌሊት ሳይዘል።
ከማዶ፣ ከኮንኮርዲያ ይሁን፣ ከዚሁ ከታች ሰፈር፣ አላውቅም፤
ውሃው ያን ቀን ማንን ሊወስድ እንደወጣ አልጠይቅም።
ምናልባት አንድ ሌሊት
ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይገኝ እንደሆን ብሎ ነው።

ኮቴውን ሰረዝኩ። ቀኗን አልነካኋትም።
ነቀነቅኩ።
ሃያ ስድስት ሜጋባይት።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ኦስቫልዶ ደወለ፣ አፍንጫውን እየሳበ፦
«አምስት ከአሥራ ሁለት። እየጨመረ ነው።»
ጻፍኩ።
ገባ።