አይታክቴ

እኔ ከጦሳ ሥር ያደግሁ፣ ማንጋጠጥ የለመደ አንገቴ፣
ቁልቁል አየኋት እሷን፤ ስሟንም ሰማሁ፦ «አይታክቴ»።

ባጃጁ ከጥርጊያው ዳር ጥሎኝ በአቧራው ውስጥ ሲሰወር፣
ከማሽላው ማማ ላይ አንድ ልጅ ወንጭፉን ያዞር ነበር።
«ወዴት ነው?» አለኝ። «ወደ ላይ።» «ምን ጠፍቶህ?» «ምንም አልጠፋኝ።»
«እንግዲያ ምን ልታደርግ?» አለ። መልሱ እዚያው ከፊቱ ጠፋኝ።
ልጁ ሳቀ፤ ወፎቹ ተነሡ፤ ማሽላው ራሱን ነቀነቀ፣
መንገዱም ከክትክታው መሃል እንደ ክር ቀጥኖ ዘለቀ።

አርባ ደቂቃ አትፈጅም። ትንፋሽ እንኳ አታስቆርጥም።
እሬት፣ አጋም፣ ቅንጭብ፤ ከዚህ ሌላ የምትሰጠው የላትም።
እርከኑን በድንጋይ የካቡት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤
ከአንዱ ካብ ላይ በሚስማር ጫፍ ተጭሯል ስማቸው፦
«ጦይባ። ሽቱ። የሙሄ ሚስት።»
የሙሄ ሚስት፣ የራሷ ስም እንደሌላት።

ተራራ ስል የማውቀው ሌላ ነው፦
ደመና የሚያጠልቅ፣ አሞራ የሚያኮራ፣
ከላዩ ሲያዩ ሰው ጠፍቶ
አገር ብቻ የሚዘረጋበት ስፍራ።
ከአይታክቴ ጫፍ ግን የሚታየው ቤት ነው፤
የማን ቤት እንደሆነ የሚታወቅ ቤት፣
ቆርቆሮው የዛገ፣ በርበሬ የተሰጣበት።
አንዲት ሴት ልጇን ስትቆጣ ቁጣዋ ከነቃሉ ይሰማል፦
«ያን ጀሪካን ያዝ ብዬህ!»
ልጁ ሲያጉረመርምም ይሰማል።
ሐይቁ ከወዲያ በኩል ጥቂት ብቻ፣ የዓይን ነጭ ያህል ይታያል።

ደከመኝ ሳልል፣ ከለሰለሰ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።
ሽማግሌ መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሰላም አልሁ።
«ወንድሜ» አለ፣ «አይክፋህና እሱ የእኔ ነው፤ ተነሥልኝ።
ያኛው የሽቱ ነው፣ ያኛው የጦይባ። አንተ ከሾላው ሥር ሁንልኝ።»

ሙሄ ነበር። ከላስቲክ ውስጥ ስልኩን ፈታታና አወጣ፣
ሽቅብ ያዘው፣ አንገቱን አቅንቶ፣ አንዲት መስመር እስክትመጣ።
«ኔትወርኩ መንደር አይወርድም፤ እኛ ነን የምንወጣለት፤
እኔ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ሽቱ እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃላት።
ጂዳ ያለች አለች፣ ሪያድ ያለ አለ፣ ጅቡቲ የቀረም አንድ።
ሁሉም በየድንጋዩ ይጮኻል። ወሬያችን እዚህ ነው የሚዋለድ።»

ድንጋዮቹን አየኋቸው።
ዝናብ እንዲህ አያለሰልስም።
መጥረቢያም፣ መዶሻም።

«መስመር በተቆረጠ በዚያ ዓመት» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣
«ከባድ መሣሪያው ከማዶ ሲያጓራ፣ አዝመራው ሜዳ ላይ ሲበሰብስ፣ ሲበቅል፣
እንወጣ ነበር። አዎ፣ ስልኩ እንደሞተ እያወቅን፣
እነሱ በዚያ ሲደውሉ፣ ቦታችን ባዶ እንዳይሆን።»

ዝም ብዬ ቆየሁና ስሟን ጠየቅሁት፦
«ማን አወጣላት? ወጪውን ስለማታደክም ነው?»
«የታችኞቹ እንደዚያ ይላሉ። እኔ ግን የሚመስለኝ…»
ስልኩ ጮኸ።

ጀርባውን ሰጠኝ። ራቅ አልሁ። ግን ትንሽ ተራራ ናት፣
ራቅ ቢሉባትም አትርቅ፤ ሳልፈልግ ሰማሁት፦
«አለሁ። አለን። አንቺስ? …
ጊደሯ ወለደች። ወይፈን ነው።
እናትሽ? ጉልበቷ እንጂ ደኅና ናት፣ ትወጣለች ሰኞ።
ማን? ኧረ ማንም አይደለም፣ አንድ እንግዳ ነው፤
ቦታሽ ላይ ተቀምጦ ነበር። አስነሣሁት።»

ስወርድ ልጁ ከማማው ላይ «አገኘኸው?» ብሎ ጠየቀኝ።
ፀሐይ ጠልቃለች። ወፍም የለም። ወንጭፉ ትከሻው ላይ ነው።
ኪሴ ውስጥ ስልኬ፣ መስመሩ ሙሉ፣
ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳይደውል፣
ከድንጋይ ይልቅ ከበደኝ።