ስንት ሰዓት ነው?

ከኛ ሰፈር ጎዳና፣ ከሞናስቲር እምብርት፣
ግራና ቀኝ ቆንስላ ነው፣ ባንዲራ ከነሰዓት፤
የቪየናው ይቸኩላል፣ የሩሲያው ያዘግማል፣
የፓሪሱ በየሩቡ፣ እንደ ዶሮ ይጮኻል።
እኔ ሃስዳይ ዘይቴን ይዤ፣ ደጅ ለደጅ እዞራለሁ፤
በየራሳቸው ሳንቲም፣ ሲከፍሉኝ እቀበላለሁ፤
የሁሉንም ሆድ ዕቃ፣ ፈትቼ አይቻለሁ፤
ጥርሱ ያው ነው።

የሱልጣኑ ሰዓት ግን፣ ከገበያው ማማ ላይ፣
አሥራ ሁለት ይደውላል፣ ስትጠልቅ ፀሐይ፤
ሬምዚ ኤፈንዲ ነበር፣ ቀን በረዘመ ባጠረ፣
ዘጠና ደረጃ ወጥቶ፣ በጣቱ ሲያቃና የኖረ።
ደመወዙ ከቀረበት፣ ይኸው ድፍን ስምንት ወሩ፤
እርግቦች ከደወሉ ሥር፣ ጎጆአቸውን ሠሩ።

ቆንስሎቹ ማታ ማታ፣ ካርታ ይጫወታሉ፤
ሲነጋም ያው ካርታ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ያነጥፋሉ፤
የቱ በገንዘብ እንደሆነ፣ የቱ በሰው እንደሆነ፣
አሽከሩ መለየት ቢያቅተው፣ ሻማውን ይዞ ባከነ።

ማክሰኞ የቪየናው ጠርቶ፣ “ማጉያህን አውሰኝ” ቢል፣
ከዓይኔ ነቅዬ ሰጠሁት፤ ምን አቅም አለኝ “አይሆንም” ልል?
ሩሲያዊው ከወዲያ ማዶ፣ ሸለቆው ላይ አውራ ጣቱን፣
ይኼኛው በእርሳስ ጫፍ፣ ተራራና ተራራውን፤
“እስከ ወንዙ” ይላል አንዱ፤ “ድልድዩን ጨምር” ይላል ሌላ፤
በሽተኛው ያቃስታል፣ ተዝካሩ ግን ተበላ።

ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፣ የዶንካን ፖም፣ ደጃፌን፤
የብርጭቆው እርጥብ ቀለበት፣ ውጦት አገኘሁ ሰፈሬን።
ማጉያዬን ሲመልስልኝ፣ የቀለም ጠብታ ነክቶታል፤
ከዚያ ወዲህ የማየው ሰዓት፣ ሁሉም ግማሹ ጠቁሯል።

ሲመሽ ዶንካ መጣች፣ የሟች ባሏን የኪስ ሰዓት ጨብጣ።
“ሁለት ልጅ ትምህርት ቤት ሰድጄ” አለች፣ “አንዱ ግሪክ ሆኖ መጣ፣
አንዱ ቡልጋር ሆኖ መጣ፤
እኔ እንኳ የማላውቀው ስም፣ ከአንድ ሆዴ ሲወጣ!
ይልቅ ስንት ሰዓት ነው፣ ሃስዳይ?”
“በማን?” አልኳት። “በቪየና? በፓሪስ? ወይስ በማማው ላይ?”

ዝም ብላ ቆየች።

“ሊጤ ኩፍ ብሎ ፈሰሰ፤ ልጆቼ ገና አልገቡም።
እሱን ነው የምጠይቅህ።”