የተዳፈነ

ግንቦት ነው።
ከሄይ ሪቨር በስተደቡብ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
በረዶው ገና አልለቀቀም፣ ጥላ ጥላውን ይዞበት።
አምና የነደደው ደን ቆሟል፣ እንደ ከሰል እርሳስ ቀጥ ብሎ፣
ቅርፊቱ በነፋስ ይንሿሿል፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ተመልምሎ።
ሥሮቹ አየር ላይ ቀርተዋል፣ ጫማ እንዳጣ የእግር ጣት፤
ከእነሱ እስከ አመዱ በማስመሪያ፣
አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር፦ የጎደለው መሬት።

ሳተላይቱ ሌሊት ሲያልፍ አንዲት ቀይ ነጥብ ልኮልናል፤
«ወይ ዓይኑ ተሳስቷል» አለች ሊኔያ፣ «ወይ እሳቱ እዚህ ከርሟል።»

እኔ አካፋ ተሸካሚ ነኝ። ቴርሞሜትሩም በእኔ ትከሻ፣
ቁመቴን የሚያህል የብረት ዘንግ፣ ጫፉ ሹል እንደ ማረሻ።
እየወጋን እንሄዳለን፦ ሁለት፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ አንድ።
የቀዘቀዘ መሬት ነው፤ ምን አለው እዚህ የሚነድ?

ጀርሜይን ሳቡሪን ግን ቆመች። ሻርፗን ከአፏ አወረደች፣
አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ፣ እንደ አጋዘን አቀናች።
ጭስ መውጫ አያጣም፤
መሣሪያው ግን አልሰማም።
ከወደቀ ግንድ ሥር፣ ከበረዶው ቀዳዳ፣
ነጭ ክር ይሾልካል፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።

ሃምሳ ሁለት። ሰባ አራት። ዘንጉ ሲሰምጥ፣ መቶ ሠላሳ።
ሊኔያ ቁጥሩን አልጻፈችም፤ እርሳሷን በጥርሷ ነክሳ
ድገመው አለችኝ በዓይኗ።

ቆፈርን።
በላይ በረዶ፤ ከሥሩ አመድ፤ ከአመዱ ሥር እርጥብ ጥቁር፤
ከዚያ በታች ቡናማ ነገር፣ አፈር ያልሆነ አፈር፣
የስንት ዘመን ርጋፊ፣ ሳይበሰብስ የተነባበረ፣
ብርዱ መቃብር ከልክሎት፣ ክሩ እንኳ ያልተሰበረ።
እዚያ ውስጥ ነው ፍሙ፣ ነበልባል የለው፣ ድምፅ የለው፣
ብል ልብስ እንደሚበላ፣ ዝም ብሎ የሚበላው።

እሳት ማዳፈን የሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር፣
ማታ አመድ አልብሶ ለጠዋት ማሳደር።
እዚህስ ማን ዳፈነው? ሰማይ ነው፣ በረዶ ያለበሰው፤
ያጠፋዋል ያልነው ብርድ ነው ብርድ ልብስ የሆነው።
እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ፣ ስለ ከንቱ ልጅ ሲተርቱ፣
እዚህ ግን አመድ አርግዟል፤ ደርሷል የመውለጃ ወራቱ።

ናሙናውን በፎይል ጠቅልዬ ቁጥሩን በላዩ ጻፍኩ፤
የደነዘዘ መዳፌን ሞቀው። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ የእሳት አደጋ ልጆች ፓምፕ ይዘው መጡ፤
ጉድጓዱ ፉጨት አሰማ፣ አራት ሰዎች በእንፋሎት ተዋጡ።

ማታ በድንኳን፣ የጥዱን ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣
ቀለበቶቹን ቆጠርኩ፣ በመርፌ ጫፍ፣ ተመልሼ፣ ተመልሼ።
ስድሳ ስምንት። ያበቀለው ከዚያ በፊት የነደደ እሳት ነው፣
በሙጫ የተቆለፈ ፍሬውን በሙቀት የከፈተው።
ጀርሜይን ሳቀች። «እኩያዬ ነው» አለች፣ ቁራጩን ዳብሳ፤
«እናቴ በዚያ ጭስ ውስጥ ነው ሐይቁን የተሻገረችው፣ እኔን ፀንሳ።»

ሊኔያ በስሌቷ «ውርስ» የምትለው ነገር አለ፦
ያ እሳት አልፎት የሄደ፣ ከዛፉ በፊት የነበረ፣ ያልተቃጠለ።
በየትውልዱ እሳት ይመጣል፣ የላዩን በልቶ የሥሩን ይተዋል፤
የአሁኑ ግን ከዕለት ጉርሱ አልፎ የአደራውን ሣጥን ከፍቷል።
ይህን ስትናገር ድምጿን አላነሣችም፤
ፋኖሱን አስተካከለች፤ ወደ ጀርሜይንም አላየችም።

ጠዋት ስለካው ዘጠኝ ነው፤ በማግሥቱም ዘጠኝ ሆኗል።
ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ አንዱ «ጠፍቷል» ይላል።
ምልክት ላደርግ ጎንበስ ስል፣ ጀርሜይን ጥቂት ራመደች፣
ሃያ እርምጃ ያህል፣ ጉቶ በጫማዋ ጫፍ ነካች፤
ዙሪያው በረዶ ነው፣ እሱ ላይ የለም። ምንም አላለች።

ዘንጉን አነሣሁ።