ቁልቁለት ላይ ትደር

የሰኔ ማለዳ፣ ሮብ ገበያ፣ ብርዱ፣
ከጮቄ የወረደ፣ አጥንት ነው መንገዱ።
ቁልፉን አዞርኩና ጆሮዬን ሰጠኋት፤
ግርር አለች፣ ግርር፣ እሺ እስክትል ጠበቅኋት፤
ሦስት ጊዜ አጓራች፣ የሽማግሌ ሳል፤
ከዚያ ዝም። የኔው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

ትንሽ ናት ትራክተሬ፣ ቀይ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣
ቦራና ወይኖን ሸጬ፣ ቀሪውን በብድር፣
ያመጣኋት ካቻምና፣ ከቡሬ በአይሱዙ ጭኜ፣
ጎረቤቱ ሁሉ ሲያይ፣ እኔ ላይዋ ሆኜ።

ያው ጎረቤት ዛሬ አጥሩን ተደግፎ
ምክር ይወረውራል ጋቢውን አጣጥፎ።
«ባትሪው ነው» አለኝ ይርሳው፣ ከእጅ ባትሪ ሌላ የማያውቀው፤
«ናፍጣው ውሃ አለው» አለ ሌላው፣ ማን እንደጠየቀው።
«ዓይን ነው» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ ከኋላ።
እጄ ጅራፍ ሽቶ ወደ ጎኔ ሄዶ፣
«ና ወይኖ!» ብያት አረፍኩ። ሰው ሳቀ፣ አጥር ላይ ተንዶ።

ሽባባው ከማርቆስ መጣ፣ ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣
ግራ ጆሮው አይሰማም፣ ወፍጮ ቤት ውሎ ውሎ።
ሰላም ብሎን አለፈ። ማንንም አልጠየቀ።
ሞርሴቶውን ነቅሎ በቢላው ፋቀ ፋቀ፤
አጥብቆ ካሰረው ወዲያ «አስነሳ» አለኝ በጣቱ፤
ሞተሪኖው ፈጠነ፤ አልመጣም ግን እሳቱ።
እሱ ጭስ ማውጫውን ያያል፣ እኔ እሱን ነው የማየው፤
«ጭስ የለም!» አለ ጮሆ፣ ሩቅ እንደሚጠራ ሰው።
«ጭስ የለም ማለት፣ ልጄ፣ ናፍጣ አልደረሳትም፤
ያልበላ ሰው ለቅሶ እንኳ አይሆንለትም።»

ከፊልትሮው ራስ ላይ ትንሿን ቡሎን ፈታ፣
የእጅ ፖምፓዋን ጫን ለቀቅ፣ በአውራ ጣቱ መታ መታ፤
አረፋ ወጣ፣ አረፋ፣ እንደሚፈላ ተልባ፤
«አየር» አለ። «ይኸውልህ። በየት በኩል ገባ?»
ቱቦውን ዳበሰው ቁልቁል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
እንደ አዋላጅ፣ ሆድ ላይ፣ ሁለመናው ጣት ሆኖ፤
አገኘው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ ከማሰሪያው ስር፣
ሌሊት አየር የምትጠባ፣ ቀን የማትናገር።

ቆርጦ አሳጥሮ ሰካው፣ አጠበቀው በፋሸታ፤
ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪወጣ ገፋ ለአፍታ።
«አሁን!» አዞርኩ። ጭስ! ነጭ፣ የጥጥ ባዘቶ፤
ግን ጭስ ብቻ። ሞተሩ ቀረ ጎምዥቶ።

«ባትሪው ነው ብያለሁ» አለ ይርሳው አጥሩን ይዞ፤
ሽባባው የማይሰማውን ጆሮ ሰጠው፣ አንገቱን ጠምዝዞ።
«ነጭ ጭስ ደግ ነው፤ በልታለች ማለት ነው፤
ያልሞቀ ሆድ ውስጥ ግን እህሉም ብርድ ነው።»
ሦስቱን ካንዴሌታ ነቅሎ ከባትሪው አገናኘ፤
ሁለቱ ፍም መሰሉ፣ አንዱ ጥቁር ሆኖ ተገኘ።
መለዋወጫው የት አለ? ማርቆስ፣ እሱም ካለ፤
እርሻው ግን ነገ አይባልም፣ መሬት ጠጥቶ ሳለ።

ሚስቴ ጥሩሰው ማንም ሳያዛት ገባች፣
ለንፍሮ የጣደችውን ፍል ውሃ ይዛ ወጣች።
ሽባባው ቴስታታው ላይ ጨርቅ አልብሶ፣ በቀስታ፣
ጠብ ጠብ አደረገው፣ ብርዱ እስኪረታ።
አዞርኩ።
ጥቁር ተፋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ሳለች፣
ዱክ። ዱክ ዱክ። ዱክ ዱክ ዱክ ዱክ።
ያዘች።

«አታጥፋት» አለኝ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ።
ምሳዬን በላሁ፣ እሷም እየጮኸች አብራኝ፤
ማሳዬን ጨረስኩ። ፀሐይ ግን ገና ቀረችኝ።
ላለማጥፋት ስል ብቻ የይርሳውን ጥማድ አረስኩ፣ በነፃ፤
እሱም ከኋላ ከኋላ፣ ስለ ባትሪው እያወራ።

ማታ ከቤቴ በላይ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ አቆምኳት፣
ካንዴሌታው እስኪመጣ በቁልቁለት ላስነሳት።
ድንጋይ ከጎማዋ ስር፤ ጋቢዬን ከአናቷ።
ጥሩሰው በር ላይ ቆማ አየችን፣ እኔንም እሷንም።
«በሬዎቹን በልታ ጋቢውን ለበሰች፤
ቀጥሎ አልጋው ነው» ብላ ኩራዙን አጠፋች።

ሌሊቱን ዘነበ። እኔ በጨለማ፣
ዓይኔ ፈጦ፣ ያቺን ድንጋይ ሳስብ አደርኩ።