የቤት ቁጥር

ቅጹ ብዙ ይጠይቃል።
ስም፦ እንዳሻው። የአባት ስም፦ «ገበየሁ መሰለኝ።»
ዕድሜ፦ «አስራ ሁለት፣ ወይ አስራ ሦስት፤ ቲቸር፣ አንዱን ይጻፉት» አለኝ።
ክፍል፦ አምና አምስተኛን ጀምሮ፣ ኅዳር ላይ ያቋረጠ።
እስከዚህ ድረስ እስክሪብቶዬ ሳይደናቀፍ ሮጠ።

ወረዳ፦ «አራዳ።» እሱ ክፍለ ከተማ ነው፣ ብዬ አረምኩት።
የቤት ቁጥር፦
ቀና ብሎ አየኝ። ቀና ብዬ አየሁት።

«ድሮ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ደረጃ ስር ነበር የማድር፤
ደረጃው ፈረሰ። ምትክ ቦታም አልሰጡኝ» አለ፣ እንደ አባወራ ሲማረር፣
ሳቅ እያለ።
«አሁን ስታዲየም ዙሪያ ነኝ። ሲዘንብ ለገሃር፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ፤
ካባረሩን ደግሞ እንዞራለን፣ እስኪነጋ።»

መመሪያው መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ሦስት ቀን ሠልጥኜበታለሁ፣
ሆቴል ውስጥ፣ ከነሻይ ዕረፍቱ፤ የምስክር ወረቀትም ወስጃለሁ።
«ስሜቱን ይጠይቁ» ይላል።
ምን ይሰማሃል? አልኩት።
ከባድ ፈተና እንደቀረበለት ኮርኒሱን እያየ ዝም ይላል።
ምን ላድርግልህ? ስለው ግን አፌን ሳልገጥም መለሰ፤
«ደብተሬን ያስቀምጡልኝ። ያምናው ግማሹ በዝናብ በሰበሰ፣
ግማሹን ልጆቹ ለኮሱት፣ ብርዱ ሲጠናባቸው።
እኔም ሞቄዋለሁ፣ አልዋሽም።
ሒሳቡ ወፍራም ነበር፤ ቆይቶ ነደደ፤ እሱ ነው በደንብ ያሞቃቸው።»

ቁምሳጥኔ ሁለተኛ መደርደሪያ አለው፣
አንድ የመረብ ኳስ ዋንጫ ብቻውን የሚያዛጋበት፤
ዋንጫውን ወደ መስኮቱ ገፋሁት፣ ቁልፍ አስቀረጽኩለት።
አራት ደብተር፣ አንድ ሳሙና፣ ለክረምት አንድ ሹራብ፣
ትምህርት ቤቱ የሰጠው ዩኒፎርም፣ እዚያው የሚያድር፣ እንዳይነካው ዝናብ።
ጠዋት ከጥበቃው ከጋሽ ሞሲሳ ቀድሞ በሩ ላይ ይቆማል፤
ከቧንቧው ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ለምገባው ይሰለፋል።
ወይዘሮ ብርቅነሽ ጭልፋ ሲቆጥሩ ለማንም የማያደሉ ናቸው፤
እሱ ጋ ሲደርሱ ግን ቁጥሩ ይጠፋቸዋል፣ አውቀው።

ደንብ ግን ደንብ ነው።
ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ቅጹን ገለበጡ፤
«ወላጅ ይፈርም» አሉ፣ «ለእኔማ ምን ገዶኝ፣ ኦዲተር ሲመጣ ነው እንጂ» እያሉ ተቀመጡ።

ማክሰኞ ወላጅ መጣ።
ክንፈ ይባላል፤ ስታዲየም የታክሲ ተራ ያስከብራል፤ አስራ ሰባት ዓመቱ፤
በጩኸት የሻከረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አኑሮ በጉልበቱ።
ዝምድና? አልኩት፣ ቅጹ ስለሚጠይቅ።
አሰበ። «አንድ ብርድ ልብስ ነው ያለን» አለኝ፣ ሳይሳቀቅ።
እንዲሁ ጻፍኩት።
ሲፈርም ስሙን አንድ በአንድ ለቀመው፣ እንደ ሳንቲም፤
«ፈ» ላይ ደክሞት ቆመ። «ስድስተኛ ነው ያቆምኩት» ይላል እንጂ፣ አይመስልም።

ያንተስ ወላጅ? አልኩት፣ ሌላ ቅጽ ስቤ።
ሳቀ። «እኔማ ትልቅ ነኝ፣ ቲቸር። ማታ ደግሞ ሥራ አለ።»
አጣጥፎ ግን ኪሱ ከተተው፣ «ላስብበት» እያለ።

የእንዳሻው ቅጽ ላይ አንድ ቦታ ገና ባዶ ነበር።
ቀበሌ ስመላለስ ያየሁት ነገር አለ፦
ያልተቆጠረ ቤት ሲገጥማቸው «አዲስ» ብለው ያልፋሉ።
እኔም ጻፍኩ። የቤት ቁጥር፦ አዲስ።
«ቁጥር አይደለም እኮ» አለ እንዳሻው። ልክ ነው፤ ሒሳብ ይወዳል።
ቁጥሩ ሲመጣ እናስተካክላለን፣ አልኩት።
እንዲህ ያለው መመሪያው ላይ የለም፤ ውሸት ይሁን አይሁን አላጣራሁት።

ዛሬ ጠዋት ቁምሳጥኑን ስከፍት፣ በደብተሮቹ መሀል
አንድ የታጠፈ ወረቀት፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።
ስም፦ ክንፈ። የአባት ስም ላይ አግድም ሰረዝ።
የቤት ቁጥር፦ አዲስ። ይህችን ከእንዳሻው ኮርጇታል።
ክፍል የሚለው ጋ ቀለሙ ደብዝዟል፤
ወይ እንቅልፍ ጥሎታል፣ ወይ ተራ ደርሶ ተጠርቷል፤ የቀረው ሁሉ ባዶ ነው።
እስክሪብቶ አስቀመጥኩለት፣ እዚያው፣ ከሳሙናው ጎን።
ቁልፉን እንዳሻው ይዞታል።