ሃያ ዶላር

ገበያው መሃል ነው የትራሙ መንገድ፤
ደወሉን ሲሰማ ጎመን ሻጩ ገለል፣ ዓሣ ሻጩ ገለል፣ ሸማቹ ወደ ዳር መንጎድ።
ሐዲዱ ሲጸዳ ሁሉም ይመለሳል፤
ኖርዝ ፖይንት እንዲህ ነው፣ ሰው በደወል ይነሣል፣ በደወል ይረሳል።

የአክስቴ ሱቅ እዚያ ነው፣ ከዓሣው ቀጥሎ፣
ሁለት ክንድ የማይሞላ፣ መቶ ሰዓት ግድግዳው ላይ ሰቅሎ።
እኔ ባትሪ ቀያሪ፣ መስታወት ወልዋይ፣
ከሩዝ ያነሰ ጥርስ ሳባርር የምውል ጠረጴዛው ላይ።

ሎ ካምፋይ የመጣው በግንቦት ዝናብ ነው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም የነዳ፣ ጡረታ የወጣ፣ ማረፍ ያቃተው።
ጣቱን ከመስታወቱ አሳርፎ አንዷ ላይ፣
«ያቺን ስንት ትያለሽ?» አለ። ቀን ቆጣሪ ያላት፣ ፊቷ ሰማያዊ፣ ገና ከሣጥን የወጣች፣ ማንም እጅ ያልገባች ይመስላል ስትታይ።

አክስቴ ዩክላን ለዋጋ አፍ አታወጣም፤
ካልኩሌተር ትገፋለች። ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ። ቢያጉረመርምም አትቆጣም።
ደምስሶ ጻፈላት፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ።
ሳቀች፣ ዓሣ ሻጩ ዞር ብሎ እስኪያያት ቢላውን ትቶ።

«ሣጥኗን አልፈልግም፣ ሣጥን ለሬሳ ነው።
የዋስትናውም ወረቀት ይቅር፤ በስድሳ አምስት ዓመቴ ለእኔስ ዋስትናውን ማን ነው የሰጠው?»
ሠላሳ ቀነሰች። መቶ ጨመረላት።
ሻይ አስቀዳችኝና በርጩማ ገፋችለት።

በማግስቱ መጣ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፦
«እዚያ ማዶ ረክሷል! ማነው እንዳንቺ ውድ ባይ?»
«እንግዲያ እዚያ ግዛ፣» አለችው ሳትቀና።
«እዚያ በርጩማ የለም» ብሎ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘረጋና።

በሦስተኛው ቀን ዶፍ፣ በአራተኛው ሐሩር፣
አንዱንም አልቀረ። እኔ ግን ነደድኩ፤ ወይ ይግዛ፣ ወይ ይሰናበት ከዚህ በር!
«ቀንሺልኝ» ይላል፣ ቀን የረዘመበት፤
አምስት ትቀንሳለች፣ አሥር፣ ደግሞ አምስት፣ እንደ መድኃኒት ጠብታ ለክታ በሰዓት።

ሐምሌ ሲጋመስ ላይ ዋጋው ተጠጋግቶ፣
ሁለት ሺህ ሁለት መቶ የእሱ፣ ከዚያ ላይ ሃያ የእሷ፣
ቆመ ተፋጥጦ፣ እንደ ሁለት ትራም ባንድ ሐዲድ መጥቶ።

ሃያ ዶላር እኮ ነው! አንድ ሳህን ኑድል እንኳ የማትገዛ!
«ተይለትና ይሂድ» አልኳት። አየችኝ ጭምት፣ ቀዝቃዛ።
«አንተ ልጅ፣» አለችኝ፣ «ትራሙን አየኸው?
ደወሉን አሁን ሌላ ሰው ነው የሚረግጠው።
ሃያዋን ብለቃት
ይህ ሰው በዘጠኝ ሰዓት ወዴት ይሂድ? ንገረኝ እስኪ አንተው።»

ያኔ ነው ያየሁት፤ ትራም ባለፈ ቁጥር
እግሩ ወለሉን ይጫናል፣ ደወል የተቀበረ ይመስል ከሲሚንቶው ሥር።

በነሐሴ ማለቂያ፣ አንድ ቀን በድንገት፣
ሙሉውን ከፈለ፣ ከነሃያዋ፤ አላለም «አስቢበት»።
ከማሰሪያዋ ሁለት አንጓ ነቅዬ አሰርኩለት፣ የእጁ አንጓ ከስቷል፤
አክስቴ በርጩማውን አጠፈች። ሱቁ ሰፋ። እንዴት ያስጠላል!

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዓይኔ በሩን ሲጠብቅ ያዝኩት ሳላውቀው፤
ትራሙ መጣ፣ ሄደ፣ ጎመኑ ተመለሰ፤ ከሚያልፈው ሁሉ አንድ የለም የምናውቀው።
ከዚያ ሎ ካምፋይ፣ ግንባሩን አልቦት፣ ክንዱን ሽቅብ አርጎ፣
«ሁለት ሰከንድ ዘገየች ይህቺ ሰዓትሽ!» እንደ ተበደለ ሰው፣ ዳኛ ፈልጎ።

አክስቴ አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰካች፣ ብዙ ቆየች።
«አንድ ናት» አለች።
«ሁለት!»
«አንድ ተኩል፤ ከዚያ ካለፍኩ እከስራለሁ።»
እግሯ ግን ቀድሞ በርጩማውን ገፍቷል፤
እኔ ሻይ ልቀዳ ተነሣሁ።