ጥርሱ ወዴት ነው?

እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ሌላ ሰው አይወቀስ።
ከተሰበረ ጀልባ የመዘዝኩት ብረት፣
ሦስት ማታ በሞረድ፣ ሦስት ማታ በእሳት፣
ጫፉ ላይ ጥርስ አወጣሁ፣ ወደ ኋላ የሚነክስ፣
የተወጋውን ዓሣ ለባሕር እንዳይመልስ።

ኢሳጋኒ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
የአጎቱ ልጅ ጎማውን ስቦ፣ "እየው፣ እንዲህ ነው" ሲለው
አመለጠው።
ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ኮኮናት ሲፈለጥ ይበልጣል።
ልጄ አልወደቀም። ቆሞ፣
"ታታይ፣ ግንባሬን ከበደኝ፤ ምን ሰቀልክብኝ?" ይላል።

እጄ ቀደመኝ። እጅ ሌላ ምን ያውቃል?
ከተረከዝ እሾህ፣ ከመረብ ሽቦ፣ ከዓሣ ጉሮሮ መንጠቆ
ስነቅል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የገባ ይወጣል።
እህቴ ሊጋያ ግን የእጄን አንጓ አነቀች፣
"ብትነቅለው አብሮት ይወጣል" አለች።
በኢሎኢሎ ሆስፒታል ሰባት ዓመት ወለል ጠርጋለች፤
ምን አብሮት እንደሚወጣ አልጠየቅኳትም። ታውቃለች።

አራት ሰዓት በባሕር።
ሞገድ ባነሣን ቁጥር ዘንጉ እንዳይወዛወዝ
በፎጣ ጠምጥማ፣ በሁለት መዳፏ፣
በነፋስ መካከል ጧፍ እንደሚይዝ።
እሱ ደሴት ይቆጥር ነበር።
አሥራ አንድ ላይ ተምታታበት፤ ከአንድ ጀመረ፤
ሦስት ላይ ቀረ።

ሆስፒታሉ አስቀድሞ የጠራው ቧንቧ ሠራተኛውን ነው፣
ከነብረት መቁረጫው።
ዘንጉ ረዝሞ ልጁ ሲቲ ስካኑ ውስጥ አልገባ አለ።
ሁለቱ ያዙ፣ አንዱ ቆረጠ፤
ከግንባሩ ውጭ አንድ ስንዝር ተረፈ።

ዶክተር ባኩንጋን አጭር ናት፤ በርጩማ ላይ ቆማ ነው የምትሠራው።
"ማነው የሠራው?" አለች። ፖሊስ መሰለችኝ።
"ጥርሱን ነው የምጠይቅህ። ስንት ነው? ወዴት ነው?
ብረት በምስል ላይ እንደ ፀሐይ ይበራል፤
ብርሃኑ ነው ጥርሱን የሰወረው።"

በቤንዚን ደረሰኝ ጀርባ ሣልኩላት፦
አንድ ጥርስ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፤
ዘንጉ ከላይ እስከ ታች የሞረድ ጭረት አለው፣
ጥርሱ በጭረቱ በኩል።
ስሥል እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ይህን ነው ይቅር የማልለው።

ደረሰኙን ይዛ ገባች። ግድግዳ ላይ ለጥፋው ነበር አሉ።

ኋላ ነገረችኝ፦ ፀጉሩን ላጭተው፣
በብረቱ ዙሪያ ቅሉን በክብ ከፍተው፣
ስሱን ሽፋን ሰንጥቀው፣
በጭረቱ በኩል፣ ከጥርሱ ሥር፣
ከጥፍር የሳሳች ማንኪያ አንሸራታ
አፉን ዘጋችበት።
ከዚያ በገባበት መንገድ፣ ዓይኗ እያየ፣
በትንፋሽ አንድ ፀጉር፣ በትንፋሽ አንድ ፀጉር።
የተቀደደውን ከጭኑ በወሰደችው ጣፈችው።
"አንዲት የአጥንት ስንጣሪ ርቃ ገብታ ነበር፤
እሷን ተውኳት፤ ብከተላት
ያልተነካ እነካ ነበር" አለች።
መተው ሙያ መሆኑን እዚያ ሰማሁ፣
በአርባ ሁለት ዓመቴ።

በአሥረኛው ቀን ነቃ። "ዓሣ" የሚለው ቃል ጠፍቶበታል፤
"የሚዋኘው" ይላል።
ቀኝ እጁ ማንኪያ ይጥላል፤ ሊጋያ ታነሣለች፤ ይጥላል።
ብረቱን በላስቲክ አድርገው ሰጡኝ፣ ፈርሜ ተቀበልኩ።
ሦስት ማታ ያወጣሁትን ጥርስ
በአንድ ማታ ሞርጄ ጨረስኩ።
ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ከቅሉ የተነሣው ክብ አጥንት በረዶ ቤት ነው፣
ስሙ ተጽፎበት፣ እስኪመለስ።
እስከዚያው በግንባሩ ላይ ቆዳው ብቻ ትር ትር ይላል፤
በዘጠኝ ዓመቱ፣ እንደ አራስ፣
እርግብግቢት አለው።
ሲተኛ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እጄ ይቀድመኛል፤
አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ይቆማል፣
ሙቀቱን ብቻ ይሰማል።